በየማለዳው ያስለቀስኩት ሰው

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብሎ የተረተው ሰው እኔን የወጋኝን ሰው አላየውም። ንዳድ ራሱ ላይ ወጥቶበት የቁርሱን ነገር ለምሳ ማድረስ ያቃተው ሰው፣ እኔን የወጋበትን ቀን ግን ከነብርሌው ያስታውሰው ነበር። የማላስታውሰው የተወጋሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን የማውቀው ሰዎች ነግረውኝ ነው። ቢሆንም አልረሳሁትም። ያላየኸውን ነገር እንዴት አልረሳሁም ትላለህ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ቂም ይዞ አያውቅም ማለት ነው።

እኔ ቂመኛ ነኝ፤ ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ የሚተርቱብኝ አሉ። ይተርቱ! ስንት ዓመት ሙሉ ቂሜን በሆዴ፣ መቋሚያዬን በብብቴ ይዤ ማኅሌት ቆሜአለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳለኝም።

ነገሩ የተጀመረው ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ወገራ ደጋው ላይ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት አገር፣ አቋቋም የሚያስተምሩ ስመ ጥር መምህር ነበሩ። አቋቋም ማለት ዜማውን ከመቋሚያው፣ ከጸናጽሉና ከከበሮው ጋር አስማምቶ በቃል መያዝ ነው። መጽሐፍ የለውም፤ መጽሐፉ የኔታ ናቸው። እሳቸው ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፤ የተቀበለውን ማታ በየጎጆው ይለዋል፤ ጠዋት መጥቶ ለየኔታ ያሰማል። ከጠፋበት ጠፋበት ነው፤ ገልጦ የሚያየው ነገር የለም።

በኛ ትምህርት ቤት ሰው በስሙ አይጠራም፤ በአገሩ ነው የሚጠራው። እኔ ከኮላ ድባ በታች ካለ መንደር ስለመጣሁ «ደምቢያው» ነበርኩ። አብሮኝ በአንድ ጎጆ የሚያድረው ደግሞ «እንፍራንዙ» ነበር። እዚህም እንፍራንዙ እለዋለሁ። ስሙን ብጠራው አፌን ይኮመጥጠኛል።

እንፍራንዙ አንዴ የሰማው አያመልጠውም። እኔ ግን ማታ አንጠልጥዬ የተኛሁት ጠዋት የለም። የኔታ ፊት እቆማለሁ፤ መነሻዋን እላለሁ፤ ከዚያ ባዶ! የኔታ አይቆጡም። ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ተማሪ ይዞራሉ፤ ከዱላ የሚብሰው ይሄ ነበር። አባቴ ለኔ ስንቅ ሲል አንዷን ላሙን ሸጧል፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ የአንድ ወር ማኅሌት እንኳ መያዝ አቅቶኛል።

እውነቱን ልናገር፣ እንፍራንዙ ያን ጊዜ አልጠላኝም። ሌሊቱን ሙሉ እየደጋገመ ያስጠናኝ ነበር። በመጨረሻ ተስፋ ሲቆርጥ «ወንድሜ፣ አብሾ እንሞክር» አለኝ።

አብሾ የሚሉት በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ክፉ ተክል ነው። ተማሪ ልቦናዬ ይከፈትልኛል ብሎ ይጠጣዋል። የሚሞትበት አለ፤ አብዶ የሚቀር አለ። የተረፈ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሁለት ነገር መጠበቅ አለበት። አንደኛ አረቄ እንዳይቀምስ፤ ከቀመሰ አብሾው ይነሣበትና የሚሠራውን አያውቅም። ሁለተኛ ደግሞ መጠጣቱን ማንም እንዳያውቅበት፤ ያወቀ ሰው ጠላት የሆነ ቀን አንድ መለኪያ አረቄ ትበቃዋለች። የኔን ግን አንድ ሰው ማወቁ የግድ ነበር። ያዘጋጀልኝ እሱ፣ ከምሰሶ ጋር ያሰረኝ እሱ፣ ሦስት ቀን ስለፈልፍ አጠገቤ ተቀምጦ ያለቀሰልኝ እሱ።

ሠራልኝ። ከዚያ በኋላ የያዝኩት አልጠፋኝም። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ይህን ያጫወትኩት አንድ የጤና ተማሪ ስቆ ሊሞት ነበር። «አብሾው መርዝ ነው፤ ልብ አይከፍትም። ከዚያ በፊት አይይዘኝም ብለው እየተጨነቁ እንቅልፍ አጥተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ልቦናዬ ተከፍቷል ብለው ተኙ። ቀን የተማሩትን አንጎል የሚያደላድለው ሌሊት ተኝተው ሳለ ነው» አለኝ። እንዲህ ከሆነማ ያን ሁሉ መከራ የተቀበልኩት ለእንቅልፍ ነዋ! ነድጄ ነበር የሰማሁት።

ሁለታችንም በአንድ ዓመት ለምስክር ደረስን። ምስክር ማለት የኔታ በጉባኤ ፊት «ይህ ልጅ ያውቃል» ብለው የሚመሰክሩለት ነው፤ ያለ እሱ የትም ደብር ሄደህ መሪጌታ መሆን አትችልም። በዚያው ሰሞን ከጎንደር ከተማ ከአንድ ደብር መልእክት መጣ፤ መሪጌታ ስላረፈብን ከተማሪዎ ደኅና ሰው ይላኩልን የሚል። የኔታ አሰቡ አሰቡና «ደምቢያውን ነው የምልከው፤ ድምፁ ይበልጣል» አሉ። እንፍራንዙ አቅፎ ሳመኝ። አሳሳሙን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ጉንጩ ቀዝቃዛ ነበር።

የምስክራችን ቀን ሌሊቱን ማኅሌት ቆመን አደርን፤ ጠዋት ድግስ ሆነ። ጠላም ጠጅም ነበር፤ እኔ ግን ብርዝ ብቻ ነው የምጠጣው፤ ብርዝ ያው ያልፈላ የማር ውሃ ነው። እንፍራንዙ ብርሌ ሞልቶ አመጣልኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ ስለነበር ሳልተነፍስ ጨለጥኩት። ሲወርድ አቃጠለኝ፤ ዝንጅብል ጨምረውበት መሰለኝ። ከዚህ ወዲያ ያለው ከኔ ጋር የለም።

በማግስቱ ስነቃ እጅ እግሬ ታስሯል። እንፍራንዙ ራስጌዬ ተቀምጦ እያለቀሰ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረኝ። ልብሴን ቀድጄ ጥያለሁ። የየኔታን መቋሚያ ከእጃቸው ነጥቄ ፍየል ነድቼበታለሁ፤ ፍየሎቹን ጉባኤው መሀል አስገብቻለሁ። የኔታን በእናታቸው ሰድቤአለሁ። የኔታም «ይህን ሰው ከፊቴ አርቁልኝ፤ ምስክሬን አያይም» ብለዋል። እግሬ ሥር የወደቀውን ብርሌ በታሰረ እጄ ስቤ አሸተትኩት፤ አረቄ አረቄ ይሸታል። «ማነው የሰጠኝ?» አልኩት። «እኔ እንጃ ወንድሜ፣ ሰው በዝቶ ነበር» አለኝ። አብሾ መጠጣቴን የሚያውቅ ደግሞ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው!

ጎንደር የተላከው እሱ ሆነ።

እኔ ደምቢያ ተመልሼ ስምንት ዓመት አረስኩ። የኔታም ምስክራቸውን እንደያዙብኝ አረፉ፤ ነፍስ ይማር። በኋላ ጎንደር ወጣሁና ከሁሉ ደብር መርጬ እሱ መሪጌታ የሆነበት ደብር ሄድኩ። ለምን ብትሉኝ ቂም ከሩቅ አይጠበቅም። እሱ ደግሞ ሲያየኝ ደንግጦ፣ ከዚያ አቅፎኝ፣ ከደብሩ አለቃ ለምኖ በግራ በኩል ካሉት ደብተራዎች ጋር አቆመኝ። የፋሲካ ሥጋ ይልክልኛል። ስታመም ይጠይቀኛል። ደግነቱ ከአረቄው ይልቅ ያቃጥለኝ ነበር። ስለዚያ ቀን ግን እሱም ትንፍሽ አላለም፣ እኔም። ለጎንደር ሰውስ ምን ብዬ ልንገር? አብሾ ጠጥቼ ነበር ካልኩ ሥር ማሽ፣ ጠንቋይ እባላለሁ። ምስክር ለምን የለህም ሲሉኝ ዝም ነው።

ማታ ማታ ጋደም ስል ያን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እደግመው ነበር። ፍየሎቹን አያቸው ነበር፤ አንዷ ነጭ፣ ቀንዷ የተሰበረ። ፍየሎቹን መቼ አየኋቸውና! ማንም ቀንዷ ተሰብሯል ብሎ የነገረኝ የለም። ግን አያት ነበር፤ አሁንም አያታለሁ።

እግዜር ቀኑን አመጣልኝ። እንፍራንዙ በጥቅምት ከደምቢያ እህል ሊያስጭን ቆላ ወረደ። ሜዳው ወባ ያፈላበት ዓመት ነው። በዘጠነኛው ቀን ጭነት ማኪና ላይ፣ ከጤፍ ጆንያ በላይ አጋድመው አመጡት። ከተማው ካለው የጤና ትምህርት ቤት ሐኪም ቤት ገብቶ ሁለት ሱባኤ ራሱን ሳያውቅ ሰነበተ። አይተርፍም ተባለ። ሁሉም ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ ሳይከፍለኝ ሊሞት ነው ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ተረፈ። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለው ቤቱ ገባ። ይበላል፣ ይሄዳል፣ ሚስቱንም ያውቃል። አዲስ ነገር ግን አይይዝም። «መቼ መጣህ?» ይልሃል፤ ትነግረዋለህ፤ ውሃ ጠጥቶ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ «መቼ መጣህ?» ይልሃል። ቅድም ያልኳችሁ የጤና ተማሪ በየሳምንቱ እየመጣ ያየው ነበር፤ ገና ተማሪ ነው፣ ግን ነጭ የለበሰ ሁሉ ለኛ ዶክተር ነው። ቦርሳውን አስቀምጦ «ላም፣ ቁልፍ፣ ቀይ ሻሽ፤ ይያዙልኝ» ይለዋል። ትንሽ ሌላ ነገር ያጫውተውና «ምን ነበር ያልኩዎ?» ሲለው እንፍራንዙ በትህትና «ምን አሉኝ?» ይላል።

ዜማው ግን አልጠፋም ነበር። መነሻውን፣ ሁለት ቃል ብቻ ከሰጠሁት፣ እስከ ፍጻሜው እንደ ድሮው ያወርደዋል፤ መቋሚያው እንኳ አይሳሳትም። መነሻውን በራሱ ማግኘት ነው ያቃተው። ተማሪውን ምክንያቱን ጠየቅሁት። «ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አዲሱን ነገር የሚቀበል ትንሽ የአንጎል ክፍል አለ፤ ትኩሳቱ እሱን ጎድቶታል። የቆየው ግን ድሮ ተቀብሎ ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል ተበትኗል፤ ዜማውና እርምጃው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስለዚህ የድሮው አለ፤ መጥሪያው ነው የጠፋበት» አለኝ። ታዲያ የኔ ነገርም የድሮ ነው፤ መጥሪያውም በኔ እጅ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያው ሳምንት አለቃው አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ጥምቀት ሩቅ አይደለም። ታቦት ቀሐ ሲወርድ የሚመራ መሪጌታ ያስፈልገናል። አንተ ትችላለህ፤ ድምፅህም ሸጋ ነው። ግን ምስክር የለህም፤ ካህናቱ አይቀበሉህም። የኔታ ምነው ሳይመሰክሩልህ ቀሩ?» አሉኝ። መልሱ ያለው አንድ ሰው አፍ ውስጥ ነው። እሱ በሽማግሌ ፊት «አረቄውን እኔ ነኝ የጨመርኩበት» ካለ ስሜም ይመለሳል፣ መሪጌትነቱም የኔ ይሆናል። «ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ከኪዳን በኋላ ሄድኩ። ሚስቱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቱ ካሉልኝ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና «ወገራ፣ የምስክራችን ቀን፣ ብርዙ ውስጥ ምን ጨመርክ?» አልኩት።

እንዲህ በቀላሉ የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር። ፊቱ ተለወጠ። «አረቄ» አለ። «ሁለት መለኪያ። ከባለድግሷ ጓዳ ሰርቄ። አንተ ልትላክ ነው ብዬ ቀናሁ።» ጉልበቴ ላይ ተደፋ። «ስንት ዓመት ልነግርህ ፈልጌ! በሞቴ ይቅር በለኝ» እያለ ተንሰቀሰቀ። ትልቅ ሰው፣ ጎንደር ቆሞ የሚሰማው መሪጌታ፣ ንፍጡ በጋቢዬ ላይ! እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አላነሣሁትም። ልቅሶው እስኪበቃኝ አየሁት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አለቃው መሮጥ ነበረብኝ። ደጃፉ ድረስ ወጥቻለሁ። ግን ሆዴ «አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ ድገመው» አለኝ።

በማግስቱ ስመጣ ይቅርታ መጠየቁን ረስቶታል። በፈገግታ ተቀበለኝ። ጠየቅሁት፤ ፊቱ ተለወጠ፤ እንደ አዲስ ተናዘዘ፤ እንደ አዲስ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛውም። ሰው ጠላቱን አንዴ ነው የሚያንበረክከው፤ እኔ ግን በየማለዳው! ሌላ ሰው ቁርሱን ሲበላ እኔ ቀሐ ወርጄ እንፍራንዙን አስለቅሼ እመለስ ነበር።

ውሎ አድሮ መናዘዙ ብቻ አልበቃኝም። የኔን መከራ ይቅመሰው አልኩ። እኔ ከጎኑ ሆኜ አብሾውን እንዴት እንደጠጣሁ፣ ከምሰሶው ጋር የታሰርኩበት ገመድ አጥንቴ ድረስ እንዴት እንደቆረጠኝ፣ አረቄው ጉሮሮዬን እንዴት እንዳቃጠለኝ፣ ዝንጅብል እንደመሰለኝ፣ ነጯ ፍየል፣ ሰው ሲስቅ፣ የኔታ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ይህን ሁሉ እነግረዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። «አየሃት ፍየሏን?» እለዋለሁ። «አየኋት» ይላል። እጁን አስሬ ያሳየሁበት ቀንም አለ። ክፉ ነህ በሉኝ፤ ስምንት ዓመት ሞፈር ጨብጣችሁ ከዚያ በኋላ ፍረዱኝ።

አንድ ወር ሲሞላ እንግዳ ነገር አየሁ። ስገባ አያውቀኝም እንጂ፣ ማለቴ ትናንት መምጣቴን አያውቅም እንጂ፣ እጄን ለሰላምታ ስዘረጋ እጁን ያሸሽብኛል። «ምነው?» ስለው ደንግጦ መዳፉን ያያል፤ «እኔ እንጃ፣ እጄ እምቢ አለኝ» ይላል። ሚስቱም አንድ ቀን ደጃፍ ላይ አስቁማ «አንቱ ሄደው በመጣሁ ቁጥር ምነው ዓይኑ አብጦ አገኘዋለሁ?» አለችኝ። «ዜማ እያስታወስኩት ነው፤ የድሮው ትዝ እያለው ነው» አልኳት።

የጤና ተማሪውም ሰምቶ ኖሮ መንገድ ላይ ያዘኝ። «የድሮ ነገር እየደጋገሙ ያስታውሱታል አሉ። ይተዉት» አለኝ። «ምን ጎዳሁት? በማግስቱ አያስታውሰው!» አልኩት። «ስሜቱ ይቀራል፤ የሚጠፋው ምክንያቱ ነው። ደግሞ ሰው አንድን ነገር ባስታወሰ ቁጥር ከሣጥን አውጥቶ እንደነበረ አያየውም፤ እንደገና ነው የሚሠራው። ሲሠራው ከሰው የሰማውም፣ የፈራውም አብሮ ይገባል። ጤነኛ ሰው እንኳ የሰማውን ካየው መለየት ያቅተዋል፤ እሱ ደግሞ ከማን እንደሰማው የሚይዝበት የለውም» አለኝ። እኔ የገባኝ በብራና ነው። ብራና ላይ የተጻፈ ቢፋቅ ሌላ ይጻፍበታል፤ ቢፋቅ ቢፋቅ ግን ይሳሳል። ገባኝ፤ ግን ማን ይስማው! «ልጅ ነህ» ብዬው ሄድኩ።

ምልክቱ ኑዛዜው ውስጥ፣ ዓይኔ ፊት ነበር። ሁለት መለኪያ የነበረው አረቄ አንድ መለኪያ ሆነ። ከዚያ «ጨመርኩበት» የነበረው «ተጨመረበት» ሆነ። አንድ ቀን ጉሮሮውን ይዞ «አቃጠለኝ» አለ። አዘነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አይ የኔ ነገር!

ጥር ገባ። ከከተራ አራት ቀን በፊት አለቃው «ቆረጥከው ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?» ብለው ላኩብኝ። ከዚህ ወዲያ መቆየት አልቻልኩም። እሳቸውንና ሁለት ሽማግሌ ካህናት ይዤ ቀሐ ወረድኩ። አዲስ ጋቢ ለብሼአለሁ። ሚስቱም ወንበር አቅርባ ጥግ ቆመች።

አለቃው «ልጄ፣ ይህ ወንድምህ ምስክር ያጣበትን ምክንያት አንተ ታውቃለህ ይላል። በእግዚአብሔር ፊት እውነቱን ንገረን» አሉት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። እንደ ማኅሌቱ መነሻውን ሰጠሁት። «የምስክራችን ቀን፣ ብርዙ» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። እንባው መጣ። ጀመረ።

«አብሾ ጠጥቼ ነበር» አለ።

የተሳሳተ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጠጥቶ ነበር በል» አልኩት።

«ልቤ ድፍን ነበር፤ አልይዝ አለኝ። አብሾ ጠጣሁ። የሚያውቅብኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ከምሰሶ ጋር አስሮኛል፣ ገመዱ አጥንቴ ድረስ ቆርጦኛል። የምስክራችን ቀን ብርዝ ነው ብሎ ብርሌ ሰጠኝ። ሲወርድ አቃጠለኝ፤ ዝንጅብል መስሎኝ...» በመዳፉ ጉሮሮውን ያዘ። «ፍየል ነዳሁ። አንዷ ነጭ ናት፣ ቀንዷ ተሰብሯል። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። የኔታ ፊታቸውን አዞሩብኝ።»

እያንዳንዱ ቃል የኔ ነው! ከኔ አፍ የወጣ፣ አንድ ሳይጎድል። አልዋሸም እኮ፤ የሚዋሽ ሰው እንዲህ አያለቅስም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንባውን በነጠላው ጠረገ።

«ሐሰት ነው! የጠጣሁት እኔ ነኝ! አረቄውን የጨመረው እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አሁን ደግሞ አብሾ የጠጣሁት እኔ ነኝ ትላለህ?» አሉ አለቃው። «ይህን ሁሉ ዓመት አንዴ እንኳ ሳትናገረው?» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለካስ! የኔታ ምስክራቸውን የነሱህ ለዚህ ነው። ለካስ እሳቸው አውቀውብህ ነው!»

ሚስቱ ከጥጉ ወጣች። «አባቶቼ፣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው በየቀኑ ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር ያስለቅሱታል። ዜማ ነው ይሉኛል፤ እኔ አንድ ቀን ዜማ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀንም እጁ ላይ የገመድ ሰንበር አግኝቻለሁ» አለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። የጤና ተማሪውን ላስጠራ አሰብኩ። መጥቶ ምን ሊል? ይተዉት ብዬ መክሬአቸው ነበር ነው የሚለው።

እንፍራንዙ እንባውን ጠርጎ ተነሣ። «ተዉት አባቶቼ። የድሮ ነገር ነው። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አለ።

ይቅርታ ያለ ወግ አይፈጸምም። አንደኛው ሽማግሌ ከደጃፍ ድንጋይ አንሥተው አመጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት። በአገራችን በዳይ ድንጋዩን አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይጎነበሳል። «አልሸከምም» አልኩ። «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ማኅሌት አትቆምም። መሪጌትነቱ ቀርቶ ደጀ ሰላሙንም አትረግጥም» አሉኝ አለቃው። ከማኅሌት ሌላ ምን አለኝ? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ።

ተሸከምኩት። ድንጋዩ ሻካራ ነበር። ጎንብሼ የእንፍራንዙን እግር እያየሁ ሳለ፣ ለአንድ አፍታ አንድ እጅ ብርሌ ውስጥ አረቄ ሲገለብጥ አየሁ፤ እጁ የኔ ነበር፤ ማጭድ የቆረጠኝ ጠባሳ ሳይቀር ይታየኛል። ኧረ አይሆንም! እኔ ነኝ የተበደልኩት፤ እኔ ነኝ! ድንጋዩን ከአንገቴ ያነሣልኝ እሱ ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። አነሣልኝና ግንባሬን ሳመኝ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ለጥምቀትም ከሌላ ደብር መሪጌታ እንዲመጣ ተላከ።

በማግስቱ ከኪዳን በኋላ እግሬ ቀሐ ወረደ። እኔ አላዘዝኩትም፤ ለምዶት ነው። እንፍራንዙ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ልታባርረኝ ብድግ ስትል እሱ ቀድሟት ፈገግ አለ። መዳፉን ወደ ጋቢው ሰበሰበና ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ አንገትህን ምን ነካህ? ተገሽልጧል እኮ!» አለኝ። ወደ ሚስቱም ዞሮ «ቅቤ አምጪለት» አላት።

አላመጣችልኝም።